የሁለት ዓይነት ጉሎ ዘይት እንዴት ይወዳደራል? እፍጋት፣ ዝልግልግነትና ሙቀት በድሬዳዋና በሐረር

ከሁለት ዓይነት የጉሎ (የቆቦ) ፍሬ የወጣን ዘይት ለማወዳደር የተነሣ ሰው መጀመሪያ መቆጣጠር ያለበት ሙቀትን ነው። የጉሎ ዘይት ዝልግልግነት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2,420፣ በ20 ዲግሪ 986፣ በ30 ዲግሪ 451፣ በ40 ዲግሪ 231 ሴንቲፖይዝ (የዝልግልግነት መለኪያ) ገደማ ነው። አንዱን ናሙና ሐረር ላይ በማለዳ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ላይ በቀትር ብትለኩ ያወዳደራችሁት የሁለቱን ከተማ አየር ነው፤ ዘሩ ገና አልተለካም። ስለዚህ ሁሉንም በ25 ዲግሪ ለኩ። ድሬዳዋ ላይ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ሐረር ላይ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ቴርሞሜትሩንም በፈላ ውሃ ፈትኑት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ። ሐረር ላይ 100 የሚያነብ ቴርሞሜትር ወደ 6 ዲግሪ ተሳስቷል።

ከእያንዳንዱ ዓይነት 1 ኪሎ ደረቅ ፍሬ ውሰዱ። የተሰነጠቀውንና የሻገተውን ልቀሙ፤ እሱ የዘይቱን አሲድ ከፍ ያደርጋል። ሁለቱንም በአንድ መጭመቂያ፣ በአንድ ቀን ጭመቁ፣ ሁለት ቀን አስተኝታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። ተወቅጦና በውሃ ተቀቅሎ የተገፈፈ ዘይት ውሃ ይዞ ይቀራል፤ በዝግታ አሙቁት፣ መንጣጣቱ እስኪያቆም። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ነው። የጉሎ መርዝ፣ ራይሲን፣ ወደ ዘይቱ አይገባም፤ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎውን ፍየልና ግመል በማይደርሱበት ቦታ ቅበሩት፤ ሙቀጫውንም ለቡና አትጠቀሙበት።

እፍጋትን ለመለካት የ50 ሚሊሊትር የላቦራቶሪ ጠርሙስና 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። ጠርሙሱን ባዶውን፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ከዚያ አድርቃችሁ በዘይት መዝኑት። ባዶው 32.40፣ በውሃ 82.25 ከሆነ ውሃው 49.85 ግራም ነው። በ25 ዲግሪ የውሃ እፍጋት በሚሊሊትር 0.997 ግራም ስለሆነ የጠርሙሱ ይዘት 50.00 ሚሊሊትር ይሆናል። በዘይት 80.30 ከመዘነ፣ 47.90 ለ50 ሲካፈል 0.958 ነው። ትክክለኛ የጉሎ ዘይት በዚህ ሙቀት 0.957 እስከ 0.961 አካባቢ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው የአየር አረፋ ነው፤ ዘይቱ ወፍራም በመሆኑ አረፋው ቶሎ አይወጣም። ግማሽ ሚሊሊትር አረፋ ውጤቱን ወደ 0.948 ይጥለዋል፤ ይህ በዝርያዎች መካከል ከሚጠበቀው ልዩነት ሁሉ ይበልጣል። ዘይቱን በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ በቀጭኑ አውርዱት፣ በ40 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ወደ 25 መልሳችሁ እንደገና እስከ ምልክቱ ሙሉት።

ለዝልግልግነት ከብስክሌት ጠጋኝ የሚገኝ 3 ሚሊሜትር የኩሽኔታ ኳስና 6 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ሲሊንደር ውሰዱ። ኳሱን ከግሪሱ አጽዱ። ሲሊንደሩ ላይ በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ሁለት መስመር አስምሩ፤ የላይኛው ከዘይቱ ገጽ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ኳሱን በመሐል ልቀቁትና በሁለቱ መስመሮች መካከል የፈጀውን ሰከንድ ያዙ። በ30 ዲግሪ 3 ሰከንድ፣ በ20 ዲግሪ ስድስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሰዓት የያዘ እጅ 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ በ3 ሰከንዱ ላይ 7 በመቶ ያህል ስሕተት ነው፤ ስለዚህ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ኳሱ ግድግዳውን ከታከከ ያንን ልኬት ጣሉት።

ሙቀት የመያዝ አቅሙን ለማየት 500 ግራም ዘይትና 500 ግራም ውሃ በየተራ በአንድ ፔርሙስ፣ በአንድ ትንሽ ማሞቂያ፣ እኩል ደቂቃ አሙቁ። ዘይቱ ከውሃው እጥፍ ገደማ ይሞቃል። ያለማቋረጥ አማስሉት፤ ካልተማሰለ ማሞቂያው ዙሪያ ያለው ብቻ ይግልና ቁጥሩ ይዋሻል። ዘይቱ እሳት የሚይዝበት ሙቀት ግን 229 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እሱን መለካት ለላቦራቶሪ ተዉት።

የዘይቱ 85 እስከ 90 በመቶ ያው ሪሲኖሌይክ አሲድ የተባለው የስብ አሲድ ስለሆነ እፍጋቱ ከዝርያ ዝርያ የሚለያየው በሦስተኛው አሃዝ ላይ ነው። ዝርያው ጎልቶ የሚታየው በዘይቱ መጠንና በቀለሙ ነው። ሰፊ ልዩነት ካያችሁ ዘሩን ከማድነቃችሁ በፊት ውሃ፣ የማሟሟያ ቅሪት ወይም ሌላ ዘይት መቀላቀሉን ጠርጥሩ። ከ95 በመቶ አልኮል ጋር እኩል አድርጋችሁ ናጡት፤ ንጹሕ የጉሎ ዘይት ጥርት ብሎ ይሟሟል፣ ሰሊጥ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት የገባበት ግን ደፍርሶ ከታች ይለያል።