ሪፈር ስትጀምር ኪስህን የሚጎዱ ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ ከድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ ከሌለው የትራክ ተጎታች) ወደ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ወዳለው) የሚሻገሩ ሾፌር ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋው ነው። ስለ ቴርሞሜትር የጠየቀኝ የለም።

ሪፈሩ ያበርድልኛል ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ማሽኑ የተሠራው ቀዝቅዞ የመጣን ጭነት እንዳለ ለማቆየት ነው፤ የሞቀውን ለማብረድ አቅም የለውም። እኔ የተማርኩት ካሊፎርኒያ፣ ዋትሰንቪል እንጆሪ ስጭን ነው። የጭነቱ ወረቀት 34 ፋራናይት ይላል። አንዱን ፍሬ ወጋ አድርጌ ስለካው 45! ፎርክሊፍት የሚነዳው ልጅ "መንገድ ላይ ይበርዳል" አለኝ። አምኜ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ተቀባዩም እንደኔው ወጋ አድርጎ ለካና አልረከብም አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የኔ ነው።

አሁን ሳልለካ አልፈርምም። ቁጥሩ ከበለጠ ጭነቱን ላገናኘኝ ደላላ (ለብሮከሩ) ደውዬ መልሱን በጽሑፍ እቀበላለሁ፤ የለካሁትንም እዚያው የጭነት ወረቀቱ (ቢል ኦፍ ሌዲንጉ) ላይ አሰፍራለሁ። ዶክ (መጫኛው ቦታ) ላይ አትግባ ካሉኝ እሱንም እጽፋለሁ።

በስልክ የሰሙትን ቁጥር መሙላት። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልህ ሰው) "10 አድርገው" ሲልህ ከዜሮ በላይ ነው በታች? አይስክሬም ከዜሮ በታች 20 ይፈልጋል። ሙዝ ደግሞ 56 እና 58 መካከል ነው፤ በእንጆሪ ልክ ብታበርደው ልጣጩ ይጠቁራል። ስልኩና ወረቀቱ ካልተስማሙ ሞተር ሳታስነሳ አስታርቃቸው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሁሉንም በስታርት ስቶፕ (ማሽኑ እየጠፋ እየተነሳ) መጫን። በረዶ ለሆነ ሥጋ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። አትክልትና ፍራፍሬ ግን ከተለቀመም በኋላ ይተነፍሳል፣ ሙቀት ያወጣል። አየሩ ሳያቋርጥ መዞር አለበት፤ ስለዚህ ኮንቲኒየስ ላይ አድርገው። ጭነቱ ጣሪያ ድረስ ተቆልሎ አየሩን ከዘጋውም ያው ነው፤ ፊት ያለው ይቀዘቅዛል፣ በር ጋ ያለው ይሞቃል።

የላምፐር (ጭነት የሚያራግፉ ሠራተኞች) ደረሰኝ መርሳት። ደረሰኝ ከሌለህ ለእነሱ የከፈልከው ገንዘብ ይመለስልኛል ብለህ አትጠብቅ።

የሪፈሩን የነዳጅ ታንክ መርሳት። ከትራኩ ታንክ የተለየ ነው። ጀማሪ ሆነህ በማሽኑ ጩኸት እንቅልፍ አጥተህ ታማርራለህ። ከወር በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድንገት ጸጥ ሲል ነው ብንን የምትለው። ወርደህ ጌጁን ስታየው ባዶ።