ታፍኖ የነበረው የንፋስ ደወል እንዴት እንደጠራ

በረንዳዬ ላይ የተሰቀለው የንፋስ ደወል (በክር የተንጠለጠሉ የአሉሚኒየም ቱቦዎች በመካከላቸው ባለ የእንጨት መምቻ ሲመቱ የሚደወል ጌጥ) ንፋስ ሲነካው «ጧ» ብሎ ዝም ይል ነበር። ችግሩ ቱቦዎቹ የተንጠለጠሉበት ቦታ ነው። ክሩ ያለፈው ጫፋቸው ላይ ነበር።

የአሉሚኒየም ቱቦ ሲመታ ለመጥ ለመጥ እያለ ይርገበገባል። ጫፎቹና መሃሉ በጣም ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ቦታዎች ግን አይነቃነቁም ማለት ይቻላል፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ የርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ። ክሩ እዚያ ሲይዘው ንዝረቱን አያፍነውም። ባለ 50 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ከሆነ ከጫፉ 11.2 ሴንቲ ሜትር ለክቶ መብሳት ነው። ሳትበሱ መሞከርም ትችላላችሁ። ቱቦውን እዚያ ቦታ ላይ በሁለት ጣት ቀለል አድርጋችሁ ይዛችሁ መሃሉን ምቱት። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል፣ ደስ ይላል!

አዲሶቹን ቀዳዳዎች በድሪል በስቼ ጠርዛቸውን በሞረድ አለሰለስኩ፤ አለበለዚያ ክሩን ይበጥሱታል። በጥጥ ክር ፈንታ የዓሣ ማጥመጃ ክር ገባ። የእንጨቱን መምቻም ወደ ቱቦዎቹ መሃል ዝቅ አደረግኩት፤ ዋናው ድምፅ ጎልቶ የሚወጣው እዚያ ሲመታ ነው።

አደራ፣ ድምፁን ለማሳመር ብላችሁ ቱቦውን አትቁረጡ። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ የንዝረቱ ፍጥነት አራት እጥፍ ስለሚሆን ቅኝቱ ይበላሻል።