የጾምና የሐላል ደንበኛ ያለው ምግብ ቤት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምን እንደሚያበስል መወሰን የባለቤቱ ፈንታ ነው። በሩ ላይ መስቀል የሳለ ወይም «ሐላል» ብሎ የጻፈ ቤት ሁለቱንም ሥጋ አቅርብ የሚለው የለም። ጣጣው የሚመጣው ደንበኛው የሚበላውን ሳያውቅ ሲበላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ደንግጓል።

«ቅቤ የለውም» ብሎ ቁሌቱን መርሳት። ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ጠዋት አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት በቅቤ ይቁላላል፤ ረቡዕ ሽሮ ሲታዘዝ ከዚያው ይጨለፍና፣ ላዩ ላይ ቅቤ ጣል ስላልተደረገበት ብቻ «የጾም» ተብሎ ይወጣል። ረቡዕና ዓርብ ቁሌቱ ከመነሻው በዘይት ይሠራ፤ ፍስክ ለሚፈልግ ቅቤው መጨረሻ ላይ ይጨመርለት። በተቃራኒው ከተሄደ ማስተካከያ የለውም። የሸክላ ድስትም ቅቤ ይመጥጣል፤ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። ስለዚህ የጾሙ ድስት ለብቻው ይሁን፣ ጆሮው ላይም ምልክት ይደረግበት። የሥጋ ሳምቡሳ በወጣበት ዘይት ድንች አይጠበስ።

የኬኩና የማኪያቶው ስህተት ስውር ነው። ዳቦው ወተት ባይገባበትም ላዩ እንቁላል ተቀብቶ ይሆናል፤ ማርጋሪኑም የወተት ተዋጽኦ ሊኖረው ስለሚችል ማሸጊያው ይነበብ። የአኩሪ አተር ወተት የሚሞቅበት ጆግ ለብቻው ይሁን፤ የእንፋሎት ቧንቧውም በየመሃሉ ይጠረግ።

ሐላልን «አሳማ የለም» ማለት አድርጎ መረዳት። የበሬ ሥጋም ቢሆን አራጁ ሙስሊም ካልሆነና የአላህ ስም ካልተጠራበት ሙስሊሙ ደንበኛ አይበላውም። ኦርቶዶክሱም በበኩሉ የክርስቲያን ሥጋ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአንድ መክተፊያና በአንድ ቢላዋ ሁለቱን ማስተናገድ አይቻልም፤ ጠባብ ማዕድ ቤት ያለው አንዱን መርጦ በግልጽ ቢጽፍ ይሻለዋል። ሥጋ የሚያመጣው ነጋዴ ሲቀየር የበሩ ጽሑፍ ሳይቀየር መቅረቱም የተለመደ ጥፋት ነው።

ዓሣን ከጾም ምግቦች ጋር ደባልቆ መጻፍ። የሚበላም የማይበላም ስላለ ለብቻው ይጻፍ፤ ፍርዱ የበዪው ነው።

በስም፣ በሒጃብ ወይም በማተብ መገመት። ማተብ ያሰረ ሰው ዓርብ ክትፎ ቢያዝ «ዛሬ ጾም አይደል እንዴ?» ማለት የአስተናጋጅ ሥራ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የሸማቾች አዋጅ ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ ያዛል። በዚያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም አስታዋሹ ራሱ ሊሳሳት ይችላል!

ሰዓትም አለ። በዐቢይ ጾም ብዙ ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆይ፣ ሁሉንም ለስድስት ሰዓት ያደረሰ ቤት የቀዘቀዘ ወጥ ያቀርባል። በረመዳን ደግሞ ቴምሩ፣ ውሃውና ሾርባው ከአዛን በፊት ጠረጴዛ ላይ ይድረስ፤ ትእዛዝ መቀበል ከዚያ በኋላ።

በመጨረሻ የማዕድ ቤቱ ሰው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በሃይማኖቱ መለየትንም ማሰናበትንም ይከለክላል። የምትጾመዋን ወጥ ሠሪ «ጨዉን ቅመሽው» ማለት የተለመደበት ቤት ብዙ ነው፤ በጾም ቀን የሚቀምስ ሌላ ሰው አስቀድሞ ይመደብ፤ ጨውና በርበሬውም በማንኪያ ይለካ።