ኸርግን በአንቲቦዲ ስትፈልጉ ናሙናውን አታፍሉት

ኸርግ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ዕረፍታቸው እንዲመለሱ ፖታሲየም የሚያስወጣ ቻናል ነው። ሥራው ሲጓደል በልብ ምርመራ ወረቀት ላይ ኪውቲ የሚባለው ርቀት ይረዝማል፤ ሰውየውም በድንገት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ውስጥ በመጠናቸው ለይቶ፣ የሚፈለገውን እሱን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ማሳያ ዘዴ) ስሠራ ፕሮቲኑ መኖሩ ብቻ አይበቃኝም፤ ወደ ሕዋሱ ሽፋን ጉዞውን መጨረሱንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሳምንታት የወሰደብኝ ማፍላት ነው። ለሌሎች ፕሮቲኖች እንደለመድኩት ናሙናውን በ95 ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ አፈላሁት። ምስሉ ላይ የወጣው ጄሉ ጉድጓድ አፍ ላይ የተጋገረ ጥቁር ግርፍ ብቻ ነበር። ኸርግ የሕዋስ ሽፋንን ስድስት ጊዜ እየበሳ ያልፋል። ውኃ የሚሸሹት እነዚህ ክፍሎቹ በኃይለኛ ሙቀት እርስ በርስ ይጣበቁና እንደ በሰለ እንቁላል ይረጋሉ፤ ጄሉም አያስገባቸውም። አሁን በ37 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ብቻ አሞቀዋለሁ።

ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ በበረዶ ላይ ይሁን። ሕዋሳቱን የምታፈርሱበት ፈሳሽ (ቡፈር) ውስጥ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግድ ውህድ ጨምሩ። በየጉድጓዱ 30 ማይክሮግራም ፕሮቲን እጭናለሁ፤ ጄሉ 7.5 በመቶ ነው። ፕሮቲኖቹን ከጄሉ ወደ ሜምብሬን (ፕሮቲን የሚይዝ ወረቀት መሰል ስስ ነገር) የማሻግረው በ30 ቮልት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ትልቅ ፕሮቲን ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ጉድጓድ ኸርግ ለሌላቸው ሕዋሳት ተዉ። ኸርግ የገባባቸውን ሄክ 293 ሕዋሳት (ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድጉ የሰው ሕዋሳት) ከጫናችሁ፣ አጠገባቸው ያልገባባቸውን ጫኑ። ቦታ ጠበበ ብላችሁ ይህን አትዝለሉ፤ እለምናችኋለሁ። ቻናሉ በሌለበት ያው መስመር ከወጣ፣ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ይህን አይለውጠውም። አንቲቦዲውን አስቀድሞ ከፔፕታይዱ (አንቲቦዲው እንዲይዘው ከተሠራለት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር መቀላቀልም ይረዳል፤ ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ የተሳሳተውም መስመር አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። አንቲቦዲው የትኛውን የፕሮቲኑን ክፍል እንደሚይዝም አንብቡ። የምታጠኑት ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ፕሮቲኑን ከመሃል የሚቆርጥ ከሆነ፣ መጨረሻ ጫፉን የሚይዝ አንቲቦዲ ምንም አያሳያችሁም።

ሜምብሬኑን 5 በመቶ የዱቄት ወተት ውስጥ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። አንቲቦዲውን ከ1000 አንድ አቅጥኜ እጀምራለሁ፤ በ4 ዲግሪ፣ በዝግታ እየተወዘወዘ ያድራል። ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ እጠቡ። ቀጥሎ የሚመጣው፣ የመጀመሪያውን የሚይዘውና ምስሉን የሚያወጣው ኢንዛይም (ፐሮክሲዴዝ) የተያያዘበት አንቲቦዲ ግን ሶዲየም አዛይድ አይንካው፤ አዛይድ ኢንዛይሙን ያግደዋል፤ ምስሉም ባዶ ይቀራል።

መልካም ብሎት ላይ ሁለት መስመሮች ታያላችሁ፤ አንዱ 135፣ ሌላው 155 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ። የታችኛው የስኳር ሰንሰለቱ ገና ያልተሟላ፣ ሕዋሱ ውስጥ ያለ ወጣት ፕሮቲን ነው፤ የላይኛው በጎልጂ (የስኳር ሰንሰለቱ በሚሟላበት የሕዋሱ ክፍል) አልፎ የበሰለው። ከተጠራጠራችሁ ናሙናውን ያልተሟላውን የስኳር ሰንሰለት ብቻ ከሚቆርጠው ከኤንዶ ኤች ኢንዛይም ጋር አቆዩት፦ የታችኛው ዝቅ ይላል፣ የላይኛው ከቦታው አይነቃነቅም።

ኤን 470 ዲ የሚባለውን የኸርግ ሚውቴሽን በ37 ዲግሪ ባሳደግኳቸው ሕዋሳት ውስጥ ስመለከት ጎልቶ የታየው የታችኛው መስመር ነበር። እነዚያኑ ሕዋሳት በ27 ዲግሪ አሳደርኳቸውና ብሎቱን ደገምኩት። 155 ላይ ቀጭን ግን ጥርት ያለ መስመር ወጣ።