«ማን ከማን ሆነ?» ብሎ ብቻ ቶራዶራን ማየት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፍቅር ኮሜዲ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ተከታታይ) አይቶ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «በመጨረሻ ማን ከማን ሆነ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። ግን ይህችን ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚያይ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ በተለይ ቶራዶራን ሲያይ። ዋናዎቹ ገጸ ባሕሪያት ሪዩጂና ታይጋ እንደሚዋደዱ እነሱ ራሳቸው ከማወቃቸው በፊት እኛ እናውቀዋለን። እንግዲያው 25 ክፍል ሙሉ ቁጭ ብለን የምናየው ምንድን ነው?

ቶራዶራ መጀመሪያ የዩዩኮ ታኬሚያ ላይት ኖቭል (ለወጣቶች የሚጻፍ የጃፓን ልብ ወለድ) ነበር። ጄ.ሲ. ስታፍ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2009 በቴሌቪዥን አቀረበው። ዳይሬክተሩ ታትሱዩኪ ናጋይ ነው፤ ድርሰቱን ለአኒሜ ያዋቀረችው ደግሞ ማሪ ኦካዳ ናት። ዕድሜው ገፍቷል፤ ሥዕሉም ከዛሬዎቹ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም «የፍቅር ኮሜዲ ከየት ልጀምር?» ለሚል ሰው ዛሬም ከሚጠቆሙት አንዱ እሱ ነው። አዲስ ተመልካች በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል፤ ያው ስህተትም ይደገማል። ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወራው፣ ያላያችሁት አይታችሁ ተመለሱ።

ታይጋን በመጀመሪያው ክፍል መፍረድ

«ባለጌ ናት፣ ትሳደባለች፣ ትማታለች፣ እኔ አልቻልኳትም» ብሎ ሁለተኛው ክፍል ላይ የሚያቆም ሰው አለ። እውነት ነው፣ ትማታለች። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይፈራታል። ግን እስቲ የመጀመሪያውን ሌሊት ቀስ ብላችሁ እዩት። ለክፍል ጓደኛቸው ለኪታሙራ ያዘጋጀችውን የፍቅር ደብዳቤ በስህተት ሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ከታዋለች። ሼሙን መቋቋም አቅቷት በእኩለ ሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤቱ ትገባለች። ጭንቅላቱን ብላው ነገሩን ልታስረሳው ነው። እሱ ደግሞ ፖስታው ባዶ እንደነበር ይነግራታል። ለካ ደብዳቤውን መክተት ረስታለች! በዚህ መሃል ሆዷ ይጮሃል። ሪዩጂ ፖሊስ አይጠራም፤ ሩዝ ይጠብስላታል።

ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷን የምናውቃት። ወላጆቿ ገንዘብ ሰጥተው ገሸሽ ያደረጓት ልጅ ናት። በትልቅ አፓርታማ ብቻዋን ትኖራለች፣ ምግብ መሥራት አትችልም፣ ቤቷ የቆሻሻ ክምር ነው። ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ይህ ግን ዱላውን ትክክል አያደርገውም። መጀመሪያ አካባቢ ዱላው ለሳቅ ብቻ የገባባቸው ቦታዎች አሉ፤ ዛሬ ሲታዩ ይጎረብጣሉ።

ልብ ብሎ ላየ ሰው ግን የምትማታበት ምክንያት እየተቀየረ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የምትማታው ስታፍር ነው። 16ኛው ክፍል ላይ ያንኑ ሰይፍ ይዛ የሦስተኛ ዓመቶች ክፍል ውስጥ ዘው ስትል ግን ለኪታሙራ ብላ ነው። ኪታሙራ በተማሪው ሁሉ ፊት ፍቅሩን ሲገልጽ፣ የተማሪዎች ካውንስል ፕሬዚዳንቷ ሱሚሬ ቁርጥ ያለ መልስ ሳትሰጠው አድበስብሳ አለፈችው። ታይጋን ያንገበገባት ይህ ነው። የምትወደው ልጅ ሌላ ሴት መውደዱ አይደለም ያናደዳት፤ መልስ መነፈጉ ነው። ለዚህ ብላ ከትምህርት ታገደች።

ሪዩጂን «ያለቀለት ጥሩ ልጅ» አድርጎ መያዝ

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄኛው ይመስለኛል። ሪዩጂ ያበስላል። ያጸዳል፤ እንዲያውም የጽዳት አመል አለበት። እናቱን ይንከባከባል። ታይጋን ቁርስ ያበላል፣ ምሳዋን ይቋጥርላታል። ከአባቱ የወረሰው ዓይኑ ብቻ ነው ሰው የሚያስፈራው። ስለዚህ «ማደግ ያለባት እሷ ናት፤ እሱ ምን ይጎድለዋል?» እንላለን።

የሚጎድለውን ለማየት ከ11ኛ እስከ 13ኛ ያሉትን የትምህርት ቤት ፌስቲቫል ክፍሎች እዩ። የታይጋ አባት ድንገት ብቅ ይልና አብረን እንኑር ይላታል። እሷ ልታየው አትፈልግም። ሪዩጂ ግን ይወተውታታል፤ አባትሽ እኮ ነው፣ አንድ ዕድል ስጪው እያለ። ለምን? እሱ አባት የለውም። አባት ደጅ ድረስ መጥቶ «አልፈልግህም» የሚል ልጅ ይኖራል ብሎ ማሰብ አይችልም። የእሷን ኑሮ በራሱ ናፍቆት ለካው።

የታይጋ የልብ ጓደኛ ሚኖሪ ነገሩን ስትሰማ ትቆጣለች። ያ ሰውዬ ከዚህ በፊት ታይጋን እንዴት አድርጎ እንደጣላት ታውቃለች። ሪዩጂ አይሰማትም። ይባስ ብሎ እሱም ይቆጣታል፤ በሚያፈቅራት ልጅ ላይ መሆኑ ነው! ከዚያ የፌስቲቫሉ ቀን ይደርሳል። አባትየው ይቀራል። ታይጋ አምራና ተውባ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሊያያት ቃል የገባው ሰው የለም።

ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው የሩጫ ውድድር የኮሜዲ ማጣፈጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሪዩጂ ያጠፋውን አውቆታል። የሚሮጠው እሷ ጋ ቶሎ ለመድረስ ነው፤ ተኮራርፋው የነበረችው ሚኖሪም አብራው ትሮጣለች።

ይህ ታሪክ ለተከታዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ቶራዶራ ውስጥ ሰው በአብዛኛው የሚጎዳው በደግ ልብ ነው። አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ይወስንለታል። ሪዩጂ ለታይጋ ወሰነ። እናቱ ያሱኮም እንዲሁ ናት። ሌሊት ሌሊት መጠጥ ቤት እየሠራች፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲ መግባት እንዳለበት ብቻዋን ቆርጣለች። እሱ ደግሞ ሠርቶ ሊያሳርፋት ይፈልጋል። ይህንንም ሳይጠይቃት ወስኗል። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ናቸው።

ሚኖሪን መጀመሪያ መሳቂያ ማድረግ፣ ኋላ መርገም

ሚኖሪ ጮክ ብላ ትስቃለች፣ ታበዛዋለች፣ ሶፍትቦል ትጫወታለች፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ታሳድዳለች። ብዙ ተመልካች እንደ ቀልድ ማሟያ ያያታል። በክረምቱ ዕረፍት የክፍል ጓደኛቸው አሚ ቤተሰብ ቪላ ሲሄዱ ከሪዩጂ ጋር የምታወራውን ግን አትዝለሉ። ፍቅርን መንፈስ ከማየት ጋር ታመሳስለዋለች። ሌላው አየሁ ይላል፣ እሷ አይታ አታውቅም፣ ይኖር ይሆን እያለች ትጠራጠራለች። ያ ሁሉ ሳቅ ምን እንደሚሸፍን እዚያ ጋ ፍንጭ አለ።

አሁን ወደ ገናው፣ ወደ 19ኛው ክፍል። ሪዩጂ የድብ ልብስ ለብሶ ሳንታ ሆኖ ታይጋ ቤት ይመጣል። ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ። ከዚያ ታይጋ ራሷ «ሂድ፣ ሚኖሪ ትጠብቅሃለች» ብላ ገፍታ ታስወጣዋለች። በሩ ሲዘጋ ነው ምን እንዳደረገች የሚገባት። በባዶ እግሯ መንገድ ላይ ወጥታ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ይህንን ሚኖሪ ታያለች። ሪዩጂ ሲያገኛት ደግሞ አፉን ሳይከፍት ትመልሰዋለች።

እዚህ ላይ ተመልካች ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እንዴት ያለች ጓደኛ!» ብሎ ያደንቃታል፤ ሌላው «ለምን አሠቃየችው?» ብሎ ይረግማታል። ሁለቱም ወገን የሚያልፈው ነገር አለ። ሚኖሪ የሠራችው ሪዩጂ በፌስቲቫሉ ጊዜ የሠራውን ነው። ታይጋ ምን እንደሚያስፈልጋት ሳትጠይቅ ወሰነችላት። ታይጋም ለሚኖሪ እንዲሁ አድርጋለች። የመጨረሻዋን ቁራሽ ሥጋ «አንቺ ብዪ፣ አንቺ ብዪ» እንደሚባባሉ እንግዶች ልጁን ይገባበዙበታል። እሱን የጠየቀው የለም።

ሚኖሪ ያደገችው ልጁን የለቀቀች ዕለት ነው ብሎ ማሰብ ስለዚህ ስህተት ነው። ያደገችው በጣም ዘግይታ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ታይጋን «የልብሽን ተናገሪ» ብላ አፋጥጣ፣ የራሷንም ስትናገር ነው። እወደዋለሁ አለች። አላገኘችውም። ግን አለች።

አሚን «መሃል የገባች» ማለት

አሚ ሞዴል ናት፤ ሰው ፊት መልአክ፣ ዞር ሲሉ ምላሷ ምላጭ። ስለዚህ ነገር አበላሺ አድርገን እንይዛታለን። ግን ቡድኑ ውስጥ እውነቱን የምትናገር እሷ ብቻ ናት። ለሪዩጂ «የምትጫወቱት የቤተሰብ ዕቃ ዕቃ ነው፤ አንተ አባት፣ ሚኖሪ እናት፣ ታይጋ ልጅ» የሚል ይዘት ያለው ነገር ትነግረዋለች። ይመራል፤ ልክም ናት። ማንም ግን የሷን ልብ አላየላትም። ድጋሚ ስታዩት እሷን ብቻ ተከታተሉ፤ ሌላ አኒሜ ይሆንባችኋል።

የጎን ታሪኩን ማለፍ

ኪታሙራ ጸጉሩን ቢጫ ቀብቶ ሲያኮርፍ «ይሄ ምን አገባኝ?» ብሎ የሚያሳልፍ አለ። ሱሚሬ ወደ አሜሪካ ልትሄድ ነው። ትወደዋለች፣ ግን ሁሉን ትቶ እንዳይከተላት ብላ ዝም አለችው። ለሌላው መወሰን እንደገና መጣ። ዋናውን ታሪክ አስቀድሞ የሚነግራችሁን ክፍል ነው የዘለላችሁት።

የሁሉንም ፍጥነት በአንድ ሰዓት መለካት

«ካጉያ-ሳማ» የሚባለው ሌላ አኒሜ ላይ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች አንዱ አንዱን ቀድሞ እንዲናገር ወጥመድ ይዘረጋሉ። የመጀመሪያው ሲዝን በ2019 ወጣ፤ ነገሩ ፍሬ የያዘው በ2022ቱ ሦስተኛ ሲዝን ነው። «ዝም ብሎ ማራዘም ነው» ማለት ይቀላል። እዚያ ግን መሰበር ያለበት ኩራት ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ቀን አይሰበርም። በ2021 የወጣው «ሆሪሚያ» ተቃራኒው ነው። በ13 ክፍል ውስጥ ቶሎ ይጣመራሉ። «አለቀ እኮ፣ ከዚህ በኋላ ምን ሊያሳዩን ነው?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ከተጣመሩ በኋላ አብሮ መሆን እንዴት ነው የሚለውን ነው የሚያሳዩን፤ ከመጀናጀኑ ይልቅ ይከብዳል።

ገጸ ባሕሪው ያለውን ሁሉ ጥቅስ ማድረግ

«ኦሬጋይሩ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ተከታታይ (2013፣ 2015፣ 2020) ላይ ሃቺማን የሚባል ልጅ አለ። ስለ ሰው ልጅ ግብዝነት የሚናገረው ሁሉ በፎቶ ተቀንጭቦ እንደ ፍልስፍና ይለጠፋል። ልጁ ግን ቆስሎ ነው የሚናገረው። በመጀመሪያው ሲዝን የትምህርት ቤት ፌስቲቫል ላይ፣ ሳጋሚ ኃላፊነቷን ጥላ ጣሪያ ላይ ስትደበቅ፣ ሆን ብሎ ይሰድባታል። ሌሎቹ አዝነውላት ይዘዋት ይወርዳሉ፤ ችግሩ ይፈታል፤ እሱ የተጠላ ሆኖ ይቀራል። «ጀግና!» ይላል ተመልካች። መምህርቷ ግን አንተ ስትጎዳ የሚያመው ሰው እንዳለ እወቅ በሚል መንፈስ ትገሥጸዋለች። ደራሲው የቆመው ከእሷ ጋር ነው። በሁለተኛው ሲዝን 8ኛ ክፍል ላይ ልጁ ድምፁ እየተሰበረ «እውነተኛ ነገር እፈልጋለሁ» ይላል። ጥቅስ ካስፈለገ ከዚያ ውሰዱ።

በቶራዶራ መጨረሻ መናደድ

24ኛው ክፍል ላይ ሪዩጂና ታይጋ ይስማማሉ፣ አብረው ሊጠፉ ያስባሉ። ሁሉም ደስ ይለዋል። 25ኛው ላይ ይሳሳማሉ፤ ከዚያ ግን ታይጋ ወደ እናቷ ትሄዳለች። «ምን ነካት? ለምን አበላሹት?» የሚለው ጩኸት ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ያሱኮን አስታውሱ። ሪዩጂን አርግዛ ከወላጆቿ ቤት የጠፋች ሴት ናት። ልጁ አያቶቹን ሳያውቅ አደገ። እዚያው መጨረሻ ክፍል ላይ ነው አያቶቹ ቤት የሚሄዱት፤ መጥፋት ከስንት ዓመት በኋላ ምን ጥሎ እንደሚያልፍ ታይጋ በዓይኗ አየች። ሳትሰናበተው ላሽ ማለቷን እኔም አልወደድኩላትም። ቢያንስ ፊት ለፊት ልትነግረው ይገባ ነበር። ውሳኔው ግን የራሷ ነው። ስለ አባቷ የወሰነላት ሪዩጂ ነበር፣ ስለ ገናው የወሰነችላት ሚኖሪ ነበረች። ስለ እናቷ ማንም አልገፋትም።

ሪዩጂም ልብ በሉት። በፌስቲቫሉ ሮጧል፣ በበረዶው አውሎ ውስጥ ገብቶ ፈልጓታል። አሁን ተከትሏት አይሮጥም። በምረቃው ቀን እስክትመለስ ይጠብቃታል። ለ25ኛው ክፍል ዝቅተኛ ነጥብ የሰጣችሁ፣ 13ኛውን አስቀድማችሁ እዩና እንደገና ስጡት።