የአረጋውያን እንክብካቤ ጃፓንኛ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው «ቶኩቴይ ጊኖ» (የተለየ ሙያ) የሥራ ፈቃድ ወደ ጃፓን የአረጋውያን መንከባከቢያ የሚገባ ሰው በአብዛኛው ከሙያ ፈተናው ሌላ ሁለት የቋንቋ ፈተናዎች ያልፋል። አንዱ የኤን 4 ደረጃ (በጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ቁጥሩ ሲያንስ ደረጃው ይከብዳል) ወይም አቻው የሆነ አጠቃላይ ጃፓንኛ ነው። ሌላው የእንክብካቤ ጃፓንኛ ሲሆን በ30 ደቂቃ 15 ጥያቄ ይመለስበታል፤ አምስቱ ስለ ቃላት፣ አምስቱ ስለ ንግግር፣ አምስቱ ስለ ሰነድ። ሁለቱም የምርጫ ፈተናዎች ናቸው። ተፈታኙ አንድ ቃል ሳይናገር፣ አንድ መስመር ሳይጽፍ አልፎ ይወጣል።

የፈተና ደረጃን የሥራ ችሎታ አድርጎ መቁጠር

ኤን 3 ያለፈ ተማሪ ሲመጣ ወደ ኤን 2 ሰዋስው መሻገር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ለሥራው ግን እምብዛም አይረዳም። ከተቋሙ ፈቃድ ጠይቀው፣ ስም አስጠፍተው፣ የአንድ ቀን ወረቀት ይሰብስቡ፦ የፈረቃ ርክክብ ማስታወሻ (ሞሺኦኩሪ)፣ የምግብና የመጸዳዳት መዝገብ፣ ለጥቂት የተረፈ አደጋ የሚመዘገብበት «ሂያሪ ሃቶ» ቅጽ። ደጋግመው የሚመጡት ቃላትና የአረፍተ ነገር ቅርጾች የመጀመሪያው ወር ትምህርት ይሁኑ።

የሙያ ቃላትን በዝርዝር ማስጠናት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የእንክብካቤ ሠራተኛ ስለ አንድ ነገር ለሦስት አድማጭ ይናገራል፦ ለአረጋዊው፣ ለባልደረባው፣ ለመዝገቡ። የአልጋ ቁስል በመዝገብ «ጆኩሶ» ነው፤ ቤተሰብ ግን «ቶኮዙሬ» ይለዋል። ምግብ ወደ አየር ቧንቧ መግባቱ በመጽሐፍ «ጎኤን» ተብሎ ይገኛል፤ አዛውንቱን ሻይ ትን ሲላቸው ግን ባልደረባ የሚናገረው «ሙሴታ» ብሎ ነው። ሰውን በአልጋ ላይ ማገላበጥ «ታይ ሄንካን» ይባላል፤ አዛውንቷን ግን እንዲህ ብሎ የሚያናግራቸው የለም፤ «ወደ ቀኝ እንዙር?» ነው የሚባለው። ስለዚህ ቃልን ለብቻው አያስተምሩ። ሥራን ይውሰዱና ሦስት ነገር ያስይዙ፦ ከመንካት በፊት ምን ይባላል፣ ሲጨረስ ለማን ምን ይነገራል፣ ምን ይጻፋል። ለማልበስ ትምህርት ሸሚዝ ይዘው ይግቡ። «ዳኬን ቻካን» ማለት ሲያወልቁ ከደህናው ጎን፣ ሲያለብሱ ከታመመው ጎን መጀመር ነው፤ እጅጌ እየጎተተ ያልተማረ ሰው ሁልጊዜ ይገለብጠዋል።

የሕመም ቃላትን መዝለል

አረጋውያን ሕመማቸውን የሚናገሩት በድምፅ መሰል ቃላት ነው። «ዙኪዙኪ» ይጠዘጥዘኛል፣ «ቺኩቺኩ» ይወጋጋኛል፣ «ሂሪሂሪ» ያቃጥለኛል፣ «ሙካሙካ» ያቅለሸልሸኛል እንደ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ካለዎት እንዲህ ከሕመም አነጋገራችን ጋር ያጣምሩለት፤ በረጅም ማብራሪያ ከማስረዳት ይፈጥናል። የአካባቢ አነጋገርም አለ። «ኮዋይ» በመማሪያ መጽሐፍ «ፈራሁ» ነው፤ በሆካይዶና በቶሆኩ ግን ደክሞኛል፣ አሞኛል ማለት ሊሆን ይችላል። በናጎያ አካባቢም «ኤራይ» ያሉ አዛውንት ሰው እያደነቁ ሳይሆን አቅም አጥተው ሊሆን ይችላል። ተማሪው የሚመደብበትን አውራጃ ሳያውቁ ትምህርቱን አያቅዱ።

የአናባቢን ርዝመት ችላ ማለት

ለአማርኛ ተናጋሪ «ኪቴ» ሲላላ መምጣት፣ ሲጠብቅ መቁረጥ መሆኑ አያስቸግርም፤ «አለ» እና «ገና» ያለማመዱት ጆሮ ነው። የሚያስቸግረው የአናባቢ መርዘም ነው። «ኦባሳን» መሃሉ ሲያጥር አክስት፣ ሲረዝም አያት ነው፤ በፊደላችን ሲጻፉ ግን ልዩነት የላቸውም። ማስታወሻቸውን በፊደል የሚይዙ ተማሪዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሂራጋና (የጃፓንኛ የድምፅ ፊደል) ያዛውሯቸው፤ ቃሉንም ምቱን በጭብጨባ እየቆጠሩ ያስደግሟቸው።

የቢሮ አክብሮት ማስተማር

የስልክና የስብሰባ «ኬይጎ» (የአክብሮት አነጋገር) ሰንጠረዥ እዚህ አያስፈልግም። በአማርኛ «ይነሱ» ካልን አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ። በጃፓንኛ ግን «ኩዳሳይ» (እባክዎ) ቢታከልበትም ትእዛዝነቱ አይለቅም፤ ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል፦ «ማሾካ» (እናድርግ?)፣ «ዮሮሺይ ዴስካ» (ይፈቅዳሉ?)። በተቃራኒው፣ ነባር ሠራተኛ አረጋዊን እንደ ልጅ ሲያናግር የሰሙ ተማሪዎች ያንኑ ይቀዳሉ፤ አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ

መልሱ ሁልጊዜ «ሃይ» (አዎ) ነው። ትእዛዙን መልሰው እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ጃፓኖቹም «ፉኩሾ» ብለው ይሠሩበታል። በተለይ ሰዓትና ቁጥር። «ኢቺ» (1) እና «ሺቺ» (7) በጆሮ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ለ7 «ናና» ማለትን ያስለምዱ። ከኢትዮጵያ የመጣ ተማሪ ደግሞ የሰዓት አቆጣጠሩን በስድስት እንዳያዛባ ይፈትሹት።

መዝገብን በንግግር ቋንቋ ማስጻፍ

መዝገብ «ማስ» የሚለውን የትሕትና ግሥ ማብቂያ አይወድም፤ አጭሩን የግሥ ቅርጽ ይፈልጋል። «በደንብ በሉ» የሚል ዓረፍተ ነገርም ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግረውም። ጃፓኖች ከአሥር እጅ ስንቱ እንደተበላ ይጽፋሉ፦ ዋና ምግብ 8 «ዋሪ»፣ ወጡና አትክልቱ 5 «ዋሪ»፣ ውሃ 150 ሚሊ ሊትር። አረጋዊው ያሉት እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ይገባል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አሳይተው ሦስት መስመር ያስጽፉ፤ «ይመስለኛል» የሚል ሐሳብ የገባበትን ይሰርዙ።

ተማሪንና ሠራተኛን አንድ ክፍል ማስቀመጥ

የሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለ ሰውነት አካላትና ስለ ደኅንነት ሕግ ማንበብ አለበት፤ 125 ጥያቄ ያለው ብሔራዊ የእንክብካቤ ሙያ ፈተና ይጠብቀዋል። ሠራተኛው የሚያስጨንቀው የነገ ጠዋት ርክክብ ነው። በብሔራዊው ፈተና የውጭ ዜጋ ከጠየቀ በካንጂው (ከቻይና በመጣው ጽሕፈት) ላይ «ፉሪጋና» (ንባቡን የሚያሳይ ትንሽ ጽሑፍ) ይጻፍለታል፤ የተረኞች ሰሌዳ ላይ ግን የለም። ለሠራተኞች ክፍል «ፉሪጋና»ውን በየሳምንቱ ይቀንሱ፤ መጀመሪያ ከነዋሪዎችና ከባልደረቦች ስም ውጭ ካሉት ቃላት፣ በመጨረሻ ከስሞቹ ላይ ያንሱት።