ኦፓልን ለትርጉሙ ለሚገዙ፦ አመራረጡ፣ አያያዙና «ማንጻቱ»

የከበረ ድንጋይን ለመንፈሳዊ ትርጉሙ ብለው የሚገዙ ሰዎች ድንጋዩን የሚያበላሹት ብዙ ጊዜ ሊያከብሩት ሲሞክሩ ነው። «ይንጻ» ተብሎ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ያድራል፤ «ኃይል ይሙላ» ተብሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በዚህ በቀላሉ ከሚጎዱት አንዱ የወሎ ኦፓል ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ትርጉሙን ይወስኑ። ኦፓል ከጥንት ጀምሮ የተስፋና የታማኝነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሌሎቹን የከበሩ ድንጋዮች ቀለም በአንድነት የያዘ ነው ብሎ ጽፎለታል። ወይን ጠጅ መልክ ያለውን አሜቴስጢኖስን ግሪኮች ከስካር ይጠብቃል ይሉት ስለነበር እስከ ዛሬ ራስን የመግዛት ምልክት ነው። አረንጓዴው መረግድ የፍቅርና የልምላሜ፣ ሰማያዊው ሰንፔር የሰማይና የእውነት ድንጋይ ይባላሉ። ትርጉሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚፈልግ ሰው ዘጸአት 28ን ያንብብ፤ በአሮን የደረት ኪስ ላይ በአራት ተራ የተደረደሩ 12 ድንጋዮች የነገዶቹን ስም ይዘው ይገኛሉ። በራእይ 21 ደግሞ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ሁለተኛ መሠረት ሰንፔር፣ አራተኛው መረግድ፣ 12ኛው አሜቴስጢኖስ ነው። ኦፓል በራእዩ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሻጭ አለ ቢልዎ ዋጋ አይጨምሩ። «የልደት ወር ድንጋይ» የሚባለው ዝርዝርም የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ስለዚህ የወርዎ ካልሆነ ድንጋይ ጋር ልብዎ ቢሄድ የሚያጡት ነገር የለም። ድንጋይ በሽታ እንደሚፈውስ ግን የተረጋገጠ ነገር ስለሌለ ለእሱ ብለው መድኃኒት አያቋርጡ።

አሁን ወደ ግዢው። ወሎ ውስጥ፣ በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል አብዛኛው ውሃ ይጠጣል። ውስጡ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ውሃ ሲገባበት መስታወት መስሎ ይጠራል፣ ድንጋዩ ሲዞር የሚለዋወጠው የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህ ጠባይ ገዢውን በሁለት መንገድ ያስከፍለዋል። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ክብደቱ አንዳንዴ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ዋጋው በካራት (0.2 ግራም) ስለሚሰላ ውሃ ገዙ ማለት ነው። ውሃው የቆዩ ስንጥቆችንም ይሸፍናል። ስለዚህ ብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠ ወይም የረጠበ ድንጋይ አይግዙ። በተለይ ያልተቆረጠ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ደረቅ ቦታ ቆይቶ ሳይሰነጠቅ ሲገኝ ይክፈሉ።

ሲያዩት በአንድ አምፖል ብርሃን፣ ከዚያም በጥላ ውስጥ፣ ዙሪያውን እያዞሩ ይዩት። ከሁሉም አቅጣጫ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይ በአንድ በኩል ብቻ ከሚያበራው ይበልጣል፤ ከቀለሞቹም ቀይ ውድ ነው። ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ይያዙና እነዚህን ይፈልጉ፦

- ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ካለ ቀጭን ኦፓል ሌላ ነገር ላይ ተለጥፏል ማለት ነው።
- ቀለሙ እንደ እንሽላሊት ቆዳ በእኩል ቅርፊቶች ከተከፋፈለ ሰው ሠራሽ መሆኑን ይጠርጥሩ።
- ቀለም ስንጥቅ ውስጥ ከተጠራቀመ፣ ወይም መደቡ ደማቅ ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ በቀለም ተነክሯል።
- ጥቁር ሆኖ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለው በጭስ ጠቁሮ ሊሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ተፈጥሮ ያጠቆረው ኦፓልም ስለሚወጣ ጥቁር ሁሉ ሐሰት ነው ብለው ግን አይለፉት።

በጭስ የጠቆረ ድንጋይ መሸጡ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይናገሩ መሸጡ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ይጠይቁ።

የኦፓል ጭረት የመቋቋም ጥንካሬ፣ ከ1 እስከ 10 በሚለካው የሞስ መለኪያ፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ደግሞ 7 ገደማ ነው። በደረቅ ጨርቅ ፈትገው ቢጠርጉት የሚጭረው ለዚህ ነው። አቧራውን መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ቀጥሎ በጣም በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ይጥረጉት። ለየቀኑ የአንገት ጌጥ ወይም የጆሮ ጉትቻ ይሻላል። ቀለበት ካሰኘዎ ጠርዙ ዙሪያውን በብረት የታቀፈ ይሁን፤ ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ሲበይድም ድንጋዩን አስቀድሞ ያውጣ፣ ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል። ፀጉርዎን ቅቤ ሲቀቡ ጉትቻውን፣ ወጥ ሲሠሩና ዕቃ ሲያጥቡ ቀለበቱን አውልቁ። ውሃ የገባበት ይደርቃል፤ ቅባት፣ ሽቶና እርድ የገባበት ግን ቢጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ድንገት ከረጠበና ቀለሙ ከጠፋ አይደንግጡ፤ ከፀሐይ ራቅ አድርገው በክፍል ሙቀት ለቀናት፣ ወፍራም ከሆነ ለሳምንታት ይተዉት። በፀጉር ማድረቂያ ማቻኮል ላዩን ከውስጡ አስቀድሞ ስለሚያደርቀው ይሰነጥቀዋል።

«ማንጻት» ለሚፈልጉ፣ ለኦፓል የሚስማማው የጨረቃ ብርሃን ነው፤ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ላይ መስኮት አጠገብ ያሳድሩት። ዕጣን ካጨሱ ከማጨሻው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ቀርቦ ከተያዘ ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ የጭሱም ቅባት ይገባበታል። ጨው፣ ውሃና ፀሐይ ለእሱ አይሆኑም። አሜቴስጢኖስ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ግን ቀለሙ ይገረጣል። የመረግድ ስንጥቆች አብዛኛውን ጊዜ በዘይት የተሞሉ ስለሆኑ ሙቅ ውሃና እንፋሎት ዘይቱን አውጥተው ስንጥቁን ያጋልጡታል። ሰንፔር 9 ጥንካሬ ስላለው፣ ስንጥቁ በመስታወት ያልተሞላ እስከሆነ ድረስ፣ ለስላሳ ብሩሽና የሳሙና ውሃ ይችላል። ሲያስቀምጧቸው ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ሰንፔር ከኦፓል ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ከተንከላወሰ ኦፓሉን ይፍቀዋል።